ጅማ ውስጥ አንድ ዓመት የሠራሁበት ብርሃን አንባቢ የምርመራ ማሽን

የምሠራበት የግል ክሊኒክ ባለፈው ዓመት ኅዳር ወር ላይ አንድ አነስተኛ የፍሎረሰንስ ማንበቢያ፣ ማለትም የደም ምርመራ ውጤትን በብርሃን የሚያነብ ማሽን ገዛ። ክሊኒኩ ጅማ መርካቶ አካባቢ ይገኛል፤ ላቦራቶሪው አንድ ክፍል ሲሆን ማይክሮስኮፕ፣ ሴንትሪፊውጅ፣ አንድ የኬሚስትሪ ማሽንና አንድ ማቀዝቀዣ አለው። ከዚያ በፊት የታይሮይድ ሆርሞን፣ የሦስት ወር ስኳር ወይም ሲአርፒ (ኢንፌክሽን ሲኖር በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) የታዘዘለት ታካሚ ሲመጣ ናሙናውን በበረዶ ሣጥን አሽገን ውል ወደያዝንበት የአዲስ አበባ ላቦራቶሪ እንልክ ነበር። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ውጤቱም ቢፈጥን በሦስተኛው ቀን ይደርሳል። ከሊሙ ወይም ከጌራ የመጣ ሰው ግን ሦስት ቀን አልጋ ተከራይቶ አይጠብቅም፤ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ውጤቱም ፈላጊ አጥቶ በመዝገባችን ውስጥ ይቀራል። እንዲህ የቀሩ ወረቀቶችን በዓመቱ መጨረሻ ስሰበስብ በጣም አዝን ነበር።

ከአጋሮ፣ ከቦንጋና ከሚዛን የሙያ ጓደኞቼ እየደወሉ «ይገዛ ወይስ ይቅር?» ስለሚሉኝ ያየሁትን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። የሠሪውን ስም አላነሣም፤ የምናገረው አብዛኛው ነገር በዚህ ዓይነት ማሽን ሁሉ ላይ የሚሠራ ነውና። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ይገዛ። ገዢው ግን ዓይኑን ከማሽኑ ላይ አንሥቶ ካሴቱ ላይ፣ ማለትም ደሙ በሚጨመርበትና ለአንድ ምርመራ ብቻ በሚያገለግለው መመርመሪያ ላይ ያድርግ፤ ማሽኑን አንድ ጊዜ ይገዛዋል፣ ካሴቱን ግን ማሽኑ እስካለ ድረስ ሲገዛ ይኖራል።

ማሽኑ ከአንድ ወፍራም መዝገብ ብዙም አይበልጥም፤ በአንድ እጅ ይነሣል። ካሴቱ የወባ ፈጣን መመርመሪያን ይመስላል፤ ሆኖም በዓይን የሚታይ ቀይ መስመር አይወጣበትም። ደሙ ባፈር ከተባለው ማቅጠኛ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ጉድጓዱ ውስጥ ሲጨመር፣ ብርሃን ሰጪ ቅንጣት የታሰረባቸው አንቲቦዲዎች የምንፈልገውን ንጥረ ነገር ይይዙና በናይትሮሴሉሎሱ ወረቀት ላይ አብረውት ይጓዛሉ። ወረቀቱ ላይ አስቀድሞ የተሰመረው ሌላ አንቲቦዲ ደግሞ ያንን ንጥረ ነገር ከነቅንጣቱ ያስቀረዋል። ከዚያ የማሽኑ ብርሃን በመስመሩ ላይ ሲበራ ቅንጣቶቹ ብርሃኑን ውጠው ረዘም ባለ የሞገድ ርዝመት መልሰው ይሰጡታል፤ ማጣሪያው የገባውን ብርሃን ከልክሎ የወጣውን ብቻ ያሳልፋል፣ ፎቶዳዮዱም ይለካዋል። ዩሮፒየም የተባለውን ንጥረ ነገር በሚጠቀሙ ማሽኖች 365 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለ፣ ዓይን የማያየው ብርሃን ይገባና 615 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለ ቀይ ብርሃን ይወጣል። የዩሮፒየም ብርሃን በመቶዎች የሚቆጠሩ ማይክሮ ሰከንዶችን ሲቆይ የወረቀቱና የፕላስቲኩ የራሱ ብልጭታ በናኖ ሰከንዶች ውስጥ ስለሚጠፋ፣ ማሽኑ ጥቂት ዘግይቶ በማንበብ የተፈለገውን ብርሃን ካልተፈለገው ይለያል። ይህንን ብልሃት ባሰብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ የሚያስፈልገው ኤልኢዲ፣ ማጣሪያና ፎቶዳዮድ ብቻ ስለሆነ ዋጋው እኛን ወደመሰሉ ክሊኒኮች ሊወርድ የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ የወጣው የመጀመሪያው የስኳር መለኪያም ከስትሪፕ ላይ የሚንጸባረቅ ብርሃን ያነብ ነበር፤ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ይበልጥ ነበር፤ የሚገዛውም ሐኪም ቤት እንጂ ታካሚ አልነበረም።

ወደ ውጤቱ ልምጣ። ከሁሉ በላይ የጠቀመን የሦስት ወር ስኳር ምርመራ ነው። ከሰቃ የሚመጡ አንድ የቡና ነጋዴ አሉ፤ ስማቸውን ትቼ ሐጂ እላቸዋለሁ፣ እኛም እንደዚያው ነው የምንጠራቸው። በየወሩ በቀጠሮ ቀን በባዶ ሆዳቸው ሲለኩ ስኳራቸው ከ120 አያልፍም ነበር፤ እግራቸው ግን ይደነዝዛል፣ ሌሊት ለሽንት አራት ጊዜ ይነሣሉ። ማሽኑ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የሦስት ወር ስኳራቸውን ሠራሁ፤ 10.4 በመቶ ሆነ። «ሐጂ፣ ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ምን ይመገባሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ቀጠሮ ሲቃረብ ሁለት ቀን ምንም ጣፋጭ አልነካም፣ መድኃኒቱንም አጥብቄ እውጣለሁ፤ ዶክተሩ እንዳይቆጣኝ» አሉኝ። የጠዋት ስኳር የዚያን ጠዋት ብቻ ይናገራል፤ ከቀይ የደም ሕዋስ ጋር የተጣበቀው ስኳር ግን ሕዋሱ እስከ 120 ቀን ስለሚኖር ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት ይዞ ይመጣል። ሐጂ መድኃኒታቸው ተስተካከለ፤ ከስድስት ወር በኋላ ቁጥሩ 7.9 ሆነ። ይህ ውጤት ወደ አዲስ አበባ ተልኮ በሦስተኛው ቀን ቢመጣ ኖሮ ያንን ጥያቄ ፊት ለፊት ተቀምጠን አንጠያየቅም ነበር።

ይሁን እንጂ በዚሁ ምርመራ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ምርመራ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኳር በሽታን ለመለየት እንዲያገለግል የፈቀደው፣ አሠራሩ ከዓለም አቀፍ መለኪያ ጋር የተናበበና ጥራቱ የሚጠበቅ ከሆነ ብቻ ነው። ለማሽኖች የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር በአሁኑ ጊዜ የሚጠይቀው ከ40 ናሙናዎች 36ቱ ከማመሳከሪያው ከ5 በመቶ በላይ እንዳይርቁ ነው። ሻጩ ይህን የምስክር ወረቀት ማሳየት ካልቻለ ማሽኑ ሕክምና የጀመረ ሰው መሻሻሉን ለመከታተል ይጠቅማል እንጂ 6.4 ወይም 6.6 ያለውን ሰው «ስኳር አለብህ» ወይም «የለብህም» ለማለት አይበቃም። እኔም በዚህ መጠን ብቻ እጠቀምበታለሁ።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ የአገራችንን ሁኔታ የሚመለከት ነው። ወባ ቀይ የደም ሕዋስን ያፈርሳል፤ ከሕመሙ በኋላ ሰውነት አዳዲስ ሕዋሳት ሲያመርት እነዚያ ስኳሩን ለማከማቸት ጊዜ ስለማያገኙ ቁጥሩ ከእውነቱ በታች ይወርዳል። ደም የተሰጠው ሰውም እንደዚሁ አያስተማምንም። የብረት ማነስ ደግሞ በተቃራኒው ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ጅማና አካባቢዋ ላለ ባለሙያ ናሙና ከመውሰዱ በፊት «ባለፉት ሦስት ወራት ወባ ታመው ነበር?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። የማሽኑ መመሪያ ላይ ይህ ጥያቄ በጥቃቅን ፊደል ከሌሎች ሃያ ነገሮች ጋር ተጨምቆ ነው ያለው፤ እኔ በትልቁ ጽፌ ደም መቅጃው ወንበር ፊት ለጥፌዋለሁ።

ሲአርፒ ሌላው በብዛት የምንሠራው ነው። ከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ሲኖር ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ሲሆን፣ ሐኪም አንቲባዮቲክ ለመስጠትና ላለመስጠት ሲያመነታ ይረዳዋል። በእንግሊዝ አገር የታችኛው የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ይዞት የሳንባ ምች መሆኑ ላልተረጋገጠ አዋቂ የወጣው መመሪያ ከ20 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ከሆነ አንቲባዮቲክ በተለምዶ እንዳይሰጥ፣ ከ100 በላይ ከሆነ እንዲሰጥ ይመክራል። ይህ መመሪያ ወባ በሌለበት አገር የተጻፈ ነው። የወባ ሕመም ራሱ ሲአርፒን ከመቶ በላይ ሊያወጣው ስለሚችል፣ ትኩሳት ይዞት ለመጣ ሕፃን የደም ፊልሙን በማይክሮስኮፕ ሳያዩ የሲአርፒ ቁጥር ብቻ ይዞ አንቲባዮቲክ ማዘዝ ስሕተት ነው። በእኛ ክሊኒክ ሲአርፒ የሚሠራው የወባው ውጤት ከታወቀ በኋላ እንዲሆን ከሐኪሞቹ ጋር ተስማምተናል። በተጨማሪም ግማሹ ከደም የሚወጣው በ19 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ መድኃኒት የጀመረ ሰው በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ሲለካ ቁጥሩ ሲወርድ ማየት ከመጀመሪያው አንድ ቁጥር የበለጠ ይናገራል። ለዚህ ዓይነቱ ተከታታይ ልኬት ይህ ማሽን እጅግ ተስማሚ ነው።

የታይሮይድ ምርመራው ደህና ነው፤ የሚለካው ታይሮይድን የሚያዘውን ቲኤስኤች የተባለ ሆርሞን ነው። በተለመደው መጠን፣ ማለትም በ0.4 እና በ4 መካከል ያለውንና ከዚያ በላይ የወጣውን በሚገባ ያነባል፤ ወደ ታች ሲሆን ግን ከ0.1 በታች ያለውን ሁሉ «ከ0.1 በታች» ብሎ ያልፈዋል። እንቅርቷ የበዛና ልቧ የሚመታባት ሴት ስትመጣ ሐኪሙ በ0.08 እና በ0.005 መካከል ያለውን ልዩነት ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ናሙናውን አሁንም ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ እንልካለን።

የልብ ምርመራውን ካሴት፣ ትሮፖኒንን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ገዝቼ ተውሁት። ማሽኑ እጅግ ጥቂት መጠን እንኳ ከሚለዩ የትልልቅ ላቦራቶሪ መሣሪያዎች ጋር አይወዳደርም፤ ደረቱን ያመመው ሰው ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲመጣ «የለም» የሚል ውጤት ሊሰጥ ይችላል፣ ያም ሰው አምኖ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ደግሞ መለካት ግዴታ ነው፤ የእኛ ክሊኒክ ታካሚን በክትትል አቆይቶ ለመድገም የሚያስችል አልጋ የለውም፣ እንዲህ ያለውን ሰው ሳይዘገይ ሪፈር ማድረግ ይገባል። ፀጉርና ጥፍር ያሳምራሉ ተብለው የሚሸጡ ባዮቲን የበዛባቸው ቪታሚኖችም አንዳንድ ካሴቶችን ያሳስታሉ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚሁ፣ በተለይም ስለ ትሮፖኒን፣ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ችግሩ ባዮቲንን ለማጣበቂያነት በሚጠቀሙ ካሴቶች ላይ ብቻ ስለሆነ የካሴቱን መመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል።

አሁን ሊያሳስተን ጥቂት ስለቀረው ነገር ልጻፍ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ሙቀቱ ለካሴት አያስፈራም፤ እስከ 30 ዲግሪ ድረስ ይቀመጥ የተባለው ካሴት ከተማው ውስጥ መደርደሪያ ላይ ቢውል አይጎዳም። ወደ ጊቤ ሸለቆ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። የጅማ ጠላት እርጥበት ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልበት አገር፣ በሐምሌና በነሐሴ የላቦራቶሪያችን ግድግዳ ራሱ ያልበዋል። ባለፈው ነሐሴ ትኩሳት የያዘው የአራት ዓመት ልጅ መጣ፤ የደም ፊልሙ ከወባ ነጻ ነበር፤ ተራው ስለበዛ ካሴቱን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ወዲያው ከፈትሁትና ሲአርፒ ሠራሁ። 8 አለ። ሐኪሙ ልጁን አይቶ፣ «ይህ ልጅ የ8 ልጅ አይመስለኝም፤ እስቲ ድገመው» አለኝ። ሁለተኛውን ካሴት እንደታሸገ ለግማሽ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አቆይቼ ከፈትሁት፤ 46 ሆነ። የቀዘቀዘ ካሴት እርጥብ አየር ሲያገኝ ወረቀቱ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ናሙናው በሚገባ አይጓዝም፣ ቅንጣቶቹም መስመሩ ጋ አይደርሱም። ማሽኑ ግን ያንን አላወቀም፤ ካሴቱ መሥራቱን የሚያሳየው የመቆጣጠሪያ መስመር ስለወጣለት ብቻ ቁጥሩን በሙሉ እምነት አትሞ ሰጠኝ። ስሕተቱ የእኔ ነበር፤ ልጁን ያየው ሐኪም ጠንቃቃ ባይሆን ኖሮ ምን ሊከተል እንደሚችል እያሰብሁ ብዙ ቀን ተጨነቅሁ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት እንደገባሁ የዕለቱን ካሴቶች ከማቀዝቀዣ አወጣለሁ፤ ማሸጊያው ውስጥ ያለችውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አያለሁ፤ ከረጢቷ የሌለችበትን ወይም ማሸጊያው የተበሳበትን ካሴት እጥላለሁ።

ሌላው ጥንቃቄ የሎት ቁጥር ነው፤ ሎት ማለት አንድ ላይ የተመረተ የካሴት ዙር ነው። እያንዳንዱ ካርቶን ከራሱ ቺፕ ጋር ይመጣል፤ ቺፑ የዚያን ሎት የመለኪያ ቀመር ይዟል። የአንዱን ሎት ባፈር ከሌላው ካሴት ጋር መቀላቀል ፈጽሞ አይገባም፤ ባፈር ሲያልቅ ይህ ፈተና ይመጣል። ካርቶኑ በተከፈተ ቀን ቀኑንና ሎቱን በእስክርቢቶ እላዩ ላይ እጽፋለሁ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ኮንትሮልም፣ ማለትም መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ መፈተሻ ናሙና፣ እሠራለሁ።

እዚህ ላይ ወጪውን በትክክል ማስላት ይገባል። የተለመደው ካርቶን 25 ካሴት አለው። ሁለቱ ገና ሲከፈት ለኮንትሮል ይሄዳሉ፤ ካርቶኑ በሁለት ሳምንት ገደማ የሚያልቅ ሆኖ በየሳምንቱ አንድ ኮንትሮል ከተሠራና አንድ ሁለት ናሙና ከተደገመ ለታካሚ የሚደርሱት 19 ወይም 20 ናቸው። ሻጮች የአንዱን ምርመራ ወጪ ሲናገሩ ለ25 አካፍለው ስለሆነ የሚያስቡት፣ ክሊኒኩ በዚያ ሒሳብ ዋጋ ከተመነ ይከስራል፤ ከዚያም ኪሳራውን ለማካካስ መጀመሪያ የሚቀረው ኮንትሮል ይሆናል። ይህ እንዳይሆን ገና ሲጀመር ለ19 ማካፈል ነው። አንዳንድ አቅራቢዎች ማሽኑን በትንሽ ገንዘብ ወይም በነጻ ሰጥተው ካሴት ከእነሱ ብቻ እንዲገዛ ውል ያስፈርማሉ፤ ውሉ ካሴት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ካልተናገረ አለመፈረም ይሻላል። እኛ የታይሮይድ ካሴት አጥተን ሦስት ወር ያህል ቆይተናል። አቅራቢው የውጭ ምንዛሪ እየጠበቀ መሆኑን ይነግረን ነበር፤ በመጨረሻ ሲመጣ ደግሞ የማብቂያ ጊዜው አራት ወር ብቻ የቀረው ሆኖ አገኘነው። በወር ጥቂት ታይሮይድ ብቻ ለሚሠራ ክሊኒክ ሁለት ካርቶን ከዚያ ቀን በፊት አያልቅም። አንዱን መለስን።

መብራትን በተመለከተ፣ ማሽኑ የራሱ ባትሪ ስለሌለው ካሴቱ ውስጡ እያለ መብራት ከሄደ ያ ካሴት ይበላሻል። አነስተኛ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ገዝተን ችግሩን ፈታነው፤ ማሽኑ የሚወስደው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ያቆየዋል። ባትሪ ያላቸው ዓይነቶችም ገበያ ላይ አሉ፤ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይዞ ለሚወጣ ሰው እነዚያን እመክራለሁ።

ውጤቱ የሚታተመው በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ሲቆይ በጥቂት ወራት ይደበዝዛል፤ ሐጂ የመጀመሪያውን ውጤታቸውን ሲያመጡት ነጭ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን በመዝገብ እጽፋለሁ፣ ለታካሚውም በተራ ወረቀት ገልብጬ በማኅተም እሰጣለሁ። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ተከታታይ ልኬት ያለ ቀደመው ቁጥር ትርጉም የለውም።

የጥገናው ነገር ደካማ ጎን ነው። ጅማ ውስጥ ይህን ማሽን የሚከፍት ባለሙያ አላገኘንም። በግንቦት ወር ሁለቱም ኮንትሮሎች አንድ ላይ ወደ ታች መውረድ ጀመሩ፤ አዲስ ሎት ብንከፍትም አልተስተካከለም፣ ካሴት ማስገቢያው ውስጥ የፈሰሰ ባፈር ደርቆ የብርሃኑን መንገድ ሳይጋርደው አልቀረም ብዬ ገመትሁ። ማሽኑን በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ልከን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተጠርጎና ተስተካክሎ ተመለሰ። በእነዚያ ቀናት ናሙና እንደ ድሮው በበረዶ ሣጥን ላክን። ኮንትሮል ባንሠራ ኖሮ ግን ማሽኑ ሁሉንም ሰው ከእውነተኛው ቁጥር በታች እየለካ ስንት ወር እንደሚቀጥል መገመት ይከብዳል፤ በማያው ላይ አንድም የስሕተት መልእክት አልወጣም ነበርና።

ለመግዛት ለወሰነ ሰው፣ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ማሽኑና ካሴቱ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገባቸውን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቅ፤ ኮንትሮሉ ከካሴቱ ጋር አብሮ እንደሚሸጥ ያረጋግጥ፣ አንዳንዱ ሻጭ ካሴት ይዞ ኮንትሮል የለውምና። ከዚያም ጥቂት ናሙናዎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በዚህ ማሽን፣ ግማሹን ውል ባለው ትልቅ ላቦራቶሪ አሠርቶ ያነጻጽር፤ ከዝቅተኛው፣ ከመካከለኛውና ከከፍተኛው የተውጣጡ ይሁኑ፣ ሁሉም ጤነኛ ሰው ናሙና ከሆነ ንጽጽሩ ምንም አይናገርም። እኔ ይህን በየስድስት ወሩ እደግመዋለሁ፤ የሚቀጥለው ዙር ለኅዳር ተይዟል፣ አዲስ የታይሮይድ ካሴት እስከዚያ ከደረሰ እሱንም እጨምራለሁ።